ኒኮላ ቴስላና ከሩቅ የምትታዘዘው ጀልባ

ባለፈው ክረምት ከአልጋዬ ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን ስቤ ሳወጣ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተውኋት በሬዲዮ የምትታዘዝ መኪናዬ ከነአቧራዋ ብቅ አለች። አንድ ጎማዋ ጠፍቷል፤ የሪሞቷ አንቴና ተሰብሯል፤ የባትሪ ድንጋይ የሚገባበት ስፍራም ዝጓል። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን አልንቀሳቀስ ስትለኝ፣ ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ እዚያው ወርውሬያት ነበር። አሁን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ወደ እርስዋ መመለሴ ለጓደኞቼ ሣቅ፣ ለአባቴም ሥጋት ሆነ። የአባቴ ሥጋት ከንቱ አልነበረም፤ ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተና የምቀመጥ ነኝና። ስለዚህ ይህ ነገር የልጅ ጨዋታ ብቻ ነው ወይስ ቁም ነገር አለበት እያልሁ ራሴን ስጠይቅ፣ አንድን ዕቃ ያለ ሽቦ ከሩቅ ማዘዝን ቀድሞ ሠርቶ ያሳየው ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለግሁ። ፍለጋዬም ወደ ኒኮላ ቴስላ ሕይወት አደረሰኝ። ከዚህ ሰው ሁለት ነገር ተምሬአለሁ፤ አንዱን ከፈጸመው ሥራ፣ ሁለተኛውንም ሳይፈጽመው ከቀረው።

ኒኮላ ቴስላ የተወለደው በ1856፣ ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው አገር፣ ስሚልያን በተባለች የገጠር መንደር ነው። ያን ጊዜ አገሩ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበር። የልደቱ ቀን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን 1848 ዓ.ም.፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዋዜማ መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በስሜን ደረስጌ ማርያም ከነገሡ ገና አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖ ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

አባቱ ሚሉቲን የሰርብ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። እናቱ ዱካ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን ለቤት ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችን በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር፤ የአገራቸውንም ረጃጅም ግጥሞች በቃላቸው ያውቁ ነበር። ቴስላም የፈጠራ ችሎታውን ከእናቱ እንደ ወረሰ ያምን ነበር። አባቱ ግን ልጃቸው እንደ እርሳቸው ክህነት እንዲቀበል አስበው ነበር። ይህ ነገር ለእኛ ለጎንደሮች እንግዳ አይደለም፤ የካህን ልጅ ዜማና ቅኔ ተምሮ የአባቱን ሥራ ይቀጥል ዘንድ መመኘት በአገራችን የኖረ ነው።

ቴስላ በ1873 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ኮሌራ ያዘው። ዘጠኝ ወር ያህል የአልጋ ቁራኛ ሆኖ፣ ለሞትም ቀርቦ ነበር። ልጃቸው ከእጃቸው ሊያመልጥ መሆኑን ባዩ ጊዜ፣ አባቱ ከበሽታው ከዳነ ወደ ምሕንድስና ትምህርት ቤት እንደሚልኩት ቃል ገቡለት። ልጁ ዳነ፤ አባትየውም ቃላቸውን ጠበቁ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ አባት ልጁን ከወደደው ሥራ የሚከለክለው ከጥላቻ ሳይሆን ከሥጋት መሆኑን አስቤ፣ በአባቴ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ተቃለለ።

በ1875 ቴስላ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ከሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ መምህሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭና እንደ ሞተርም የሚሠራ አንድ መኪና ለተማሪዎች አሳዩ። መኪናው ሲዞር፣ ኮረንቲውን ወደሚዞረው ክፍል የሚያቀብሉት ብሩሾች የእሳት ብልጭታ ይረጩ ነበር። ቴስላም ያለ እነዚህ ብሩሾች የሚዞር ሞተር መሥራት ይቻል ይሆናል ሲል አሳቡን አቀረበ። መምህሩ ግን ይህ ከቶ የማይሆን ነገር መሆኑን በክፍሉ ፊት በሰፊው አስረዱ።

እኔ የዚህ ክርክር ፍሬ ነገር የገባኝ የመኪናዬን ሞተር ፈትቼ ባየሁ ጊዜ ነው። ሞተሩ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። በውስጡ ሁለት ስስ የመዳብ ልሳኖች የሚዞረውን ዘንግ ከግራና ከቀኝ ይነካሉ፤ ኮረንቲውም የሚያልፈው በእነርሱ ነው። አንደኛው ልሳን በመፋተግ ብዛት አልቆ ተሰብሯል። እንግዲህ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መኪናዬን ያቆማት፣ ቴስላን በተማሪነቱ ያሳሰበው ያው ነገር ኖሯል። አራት ዓመት ሙሉ ሞታለች ብዬ የተውኋት ዕቃ የጎደላት ከጥፍር የምታንስ የመዳብ ቁራጭ ብቻ ነበረች።

ቴስላ በግራትስ መጀመሪያ እጅግ ትጉህ ተማሪ ነበር፤ በኋላ ግን ቁማር ወደደና ገንዘቡንም ጊዜውንም አባከነ። በመጨረሻም ትምህርቱን ሳይፈጽምና ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። አባቱም በ1879 ዐረፉ። ይህን የምጽፈው ታላቁን ሰው ለማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ታላላቅ ሰዎች ሳይሰናከሉ የኖሩ የሚመስለን ተማሪዎች ብዙዎች ስለ ሆንን ነው። ቴስላ ቁማሩን ተወ፤ ያ የሞተሩ አሳብ ግን አልተወውም።

በ1882 በቡዳፔስት ከተማ የስልክ ሥራ ይዞ ሳለ፣ ከወዳጁ ጋራ በመናፈሻ ሲመላለስ መፍትሔው ድንገት ታየው። አሳቡም ይህ ነው። በሞተሩ ዙሪያ የቆሙ የሽቦ ጥቅሎች አሉ። ወደ እነርሱ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኮረንቲ ይላካል፤ ነገር ግን ወደ አንዱ ጥቅል የሚሄደው ወደ ሌላው ከሚሄደው ጥቂት ዘግይቶ እንዲደርስ ይደረጋል። ያን ጊዜ የማግኔቱ ኃይል ራሱ ክብ እየሠራ ይዞራል፤ በመካከል ያለውም ብረት ማንም ሳይነካው ያንን ኃይል ተከትሎ ይዞራል። ብሩሽ የለም፤ ብልጭታም የለም። መምህሩ የማይሆን ያሉት ነገር ሆነ።

ከዚህ በኋላ በፓሪስ በኤዲሰን ድርጅት ውስጥ ሠርቶ፣ በ1884 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኒው ዮርክ ሲደርስ በኪሱ የነበረው ገንዘብ አራት ሳንቲም ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። በዚያም በቶማስ ኤዲሰን ፋብሪካ ስድስት ወር ያህል ሠርቶ ወጣ። ከዚያም ከባለ ገንዘቦች ጋራ ሆኖ አንድ የመብራት ኩባንያ አቋቋመ፤ ነገር ግን ሸሪኮቹ ትተውት ሄዱና ባዶ እጁን ቀረ። በ1886 ገደማ ይህ የተማረ ሰው በቀን ሁለት ዶላር እየተከፈለው ጉድጓድ ቆፋሪ ሆነ። አካፋ ይዞ የዋለው ሰው ግን የሞተሩን አሳብ ከልቡ አላወጣም።

በ1887 የሚረዱት ሰዎች አግኝቶ ቤተ ሙከራ ከፈተ፤ በ1888ም የሞተሩን የፈጠራ መብት አገኘ። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለው ባለ ኢንዱስትሪ ይህን መብት ተዋዋለው። ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ሊከፍለውም ተስማማ። ያን ጊዜ ኤዲሰን ይደግፍ የነበረው ቀጥተኛ ኮረንቲ ሩቅ መሄድ አይችልም ነበር። ተለዋዋጩ ኮረንቲ ግን በትራንስፎርመር ኃይሉ ከፍ ብሎ በቀጭን ሽቦ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ ከዚያም ዝቅ ተደርጎ ወደ ቤት ይገባል። በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በዚህ ኮረንቲ በራ። በ1896ም ከኒያጋራ ፏፏቴ የተገኘው ኃይል ቡፋሎ ከተማ ደረሰ። በአገራችንም በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ኃይላቸውን የሚልኩልን በዚሁ በተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ማታ በጠዳ መብራት አብርተን የምናጠና ሁሉ የቴስላ ባለ ዕዳዎች ነን።

የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በገንዘብ በተቸገረ ጊዜ፣ ቴስላ በየፈረስ ጉልበቱ ሊያገኝ የሚገባውን ክፍያ ተወለት። ክፍያው ቢቀጥል ኖሮ እጅግ ባለጸጋ በሆነ ነበር። እርሱ ግን አሳቡ በዓለም ላይ ሲሠራ ማየትን ከገንዘቡ አስበለጠ። በ1895 ደግሞ ቤተ ሙከራው ከነመሣሪያው በእሳት ወደመ። ብዙ ሰው በዚህ ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ ቴስላ ግን ሌላ ቤት ተከራይቶ ሥራውን ቀጠለ። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችኝን ጀልባ የሠራት ከዚህ መከራ በኋላ ነው።

በ1898 በኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። ቴስላም በውሃ በተሞላ ገንዳ ላይ ርዝመቷ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል የሆነች የብረት ጀልባ አሳየ። በውስጧ ባትሪ፣ የምትቀዝፍበት ሞተር፣ መሪዋን የሚያዞር ሌላ ሞተርና ትንንሽ መብራቶች ነበሩ። ከእርሱ ወደ ጀልባዋ የሚሄድ አንድም ሽቦ አልነበረም። እርሱ ከሩቅ ባለው ሣጥን መያዣውን ሲያዞር ጀልባዋ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ መብራቷንም ታበራለች። ሕዝቡ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም ነበርና አንዳንዱ ምትሀት ነው አለ፤ አንዳንዱም በውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠረጠረ ይባላል።

የብልኀቱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በጀልባዋ ውስጥ የብረት ብናኝ የተጨመረባት ትንሽ ቱቦ ነበረች። ብናኙ እንዲሁ ሲቀመጥ ኮረንቲ አያሳልፍም። የሬዲዮ ሞገድ በደረሰበት ጊዜ ግን ብናኙ እርስ በርሱ ይያያዝና መንገድ ይከፍታል፤ ኮረንቲውም አልፎ ማብሪያውን አንድ እርምጃ ያንቀሳቅሳል። ከዚያም ቱቦዋ በራሷ ተገልብጣ ብናኙን ትበትናለች፤ ለሚቀጥለውም ትእዛዝ ትዘጋጃለች። ዛሬ በመኪናዬ ውስጥ የብናኙን ሥራ የምትሠራው ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ጥቁር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ናት፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ሞገድ ይመጣል፣ በር ይከፈታል፣ ሞተር ይዞራል።

ቴስላ ለዚህ ሥራ የፈጠራ መብት ያገኘው በኅዳር 1898 ሲሆን ቁጥሩ 613,809 ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ጀልባዎች ብቻ ሳይሆን ስለ ተሽከርካሪዎችም ጭምር ነው። ስለዚህ ከአልጋዬ ሥር የወጣችው መኪና በስም ባትጠራም በዚያ ወረቀት ውስጥ አለች ማለት ይቻላል። ቴስላ ጀልባዋን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ቢያቀርባትም ተቀባይ አላገኘም። እንዲህ ያለ መሣሪያ እጅግ የሚያስፈራ ስለሚሆን ሰዎች ጦርነትን ይተዋሉ የሚል ተስፋ ነበረው። የዓለም ታሪክ ግን ይህን ተስፋ አላረጋገጠለትም፤ ከሩቅ የሚታዘዝ ዕቃ የያዘውን ሰው ልብ ይከተላልና። መጫወቻው የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በ1976 ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥማት፣ ብትሰበርም ፈትቶ የሚጠግናት ፖርሽ 934 አምሳል መኪና አውጥቶ፣ ይህ ጨዋታ በዓለም እንዲስፋፋ ረዳ።

አሁን የቴስላን ውድቀት መናገር አለብኝ፤ ከዚያ በፊት ግን የራሴን ልናዘዝ። መኪናዬን ካገኘሁ በኋላ መጠገኗን ንቄ፣ በጠዳ አስፋልት ላይ እንደሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ያለች ትልቅ መኪና ከቆርቆሮ ልሠራ ተነሣሁ። ለደብተርና ለመጽሐፍ ከተሰጠኝ ገንዘብ ላይ 900 ብር አውጥቼ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሁለት ሞተር፣ ሽቦና ባትሪ ገዛሁ። ቆርቆሮው ከበደ፤ ሞተሮቹ ሊጎትቱት አልቻሉም፤ ባትሪውም በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። መኪናይቱ አንድ ክንድ እንኳ ሳትሄድ ቀረች። ገንዘቡ የት እንደ ገባ አባቴ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። በዚያ ሳምንት ነው ስለ ቴስላ ግንብ ያነበብሁት።

በ1901 ቴስላ ጄ. ፒ. ሞርጋን ከተባለው ባለ ባንክ 150,000 ዶላር አግኝቶ፣ ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ ዋርደንክሊፍ በተባለ ስፍራ 57 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግንብ ማሠራት ጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ያለ ሽቦ ወሬ ወደ ሩቅ አገር ለማስተላለፍ ነበር። ቴስላ ግን ሥራው ሳያልቅ አሳቡን አስፍቶ፣ ኃይልንም ያለ ሽቦ ለዓለም ሁሉ ለመላክ አሰበ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ማርኮኒ በጣም ባነሰ መሣሪያ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን አሻገረ። ቴስላ ተጨማሪ ገንዘብ ቢለምንም ሞርጋን እምቢ አለ። ሥራው ቆመ፤ ቦታውም ስለ ሆቴል ዕዳ ከእጁ ወጣ፤ በ1917 ግንቡ ፈረሰ። የሰው ቁመት የማታህል ጀልባ ተንሳፍፋ ዓለምን ስታስደንቅ፣ 57 ሜትር የሆነው ግንብ ግን አንድ ቀን እንኳ የታሰበለትን አገልግሎት ሳይሰጥ ቀረ።

እኔም ቆርቆሮዬን ፈታሁ። ከሁለቱ ሞተሮች አንዱን ለትንሿ መኪናዬ አደረግሁ፤ ሌላውን ለክፍል ጓደኛዬ ሸጥሁ። የጠፋውን ጎማ ካረጀ ነጠላ ጫማ ቆርጬ ሠራሁ። ለአንቴናው ሽቦ ተካሁለት። ድንጋይ በየሳምንቱ መግዛት ከባድ ስለ ሆነ፣ የአንድ አሮጌ ስልክ ባትሪ ገጠምሁላት፤ ሲያልቅም መልሼ በስልኩ ውስጥ እየሞላሁ እጠቀማለሁ። ለዚህ ሁሉ ከኪሴ የወጣው አዲስ ገንዘብ 140 ብር ነው። መኪናዬ በግቢያችን ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ትታዘዛለች። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ የእርሱን መኪና ይዞ ቢመጣ፣ የእኔ ሪሞት ሁለቱንም ነዳቸው፤ ሁለቱም 27 ሜጋኸርትዝ በሚባለው ሞገድ የሚሠሩ ኖረዋል። ታናሽ ወንድሜ ከሣቁ ብዛት መሬት ላይ ተንከባለለ። ቴስላ ግን ይህንም አስቀድሞ አስቦበት ነበር፤ የሌላ ሰው ትእዛዝ እንዳይቀላቀል ከአንድ በላይ የሆኑ ሞገዶችን አጣምሮ መላክ እንደሚቻል ገልጿል።

ቴስላ ሚስት አላገባም። በእርጅናው ዘመን በኒው ዮርክ ሆቴሎች ይኖር፣ የከተማውንም እርግቦች ይመግብ ነበር። ከ1934 ጀምሮ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ የቤት ኪራይና በየወሩ 125 ዶላር ይሰጠው ነበር። በ1943 ጥር 7 ቀን፣ በ86 ዓመቱ፣ በሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሳለ ዐረፈ። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ የልደት በዓል ነው። የካህን ልጅ ለሆነው ለእርሱም፣ በአባቱ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቀኑ ልደት ነበር።

ከሞቱ በኋላ ክብሩ ከፍ አለ። በ1960 የማግኔት ብርታት መለኪያ በስሙ ተሰየመ፤ በፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ ቴስላ ሲባል የምናነበው ይህ ነው። ክሮኤሽያም በ2023 ዩሮን መገበያያዋ ስታደርግ፣ በ10፣ በ20ና በ50 ሳንቲሞቿ ላይ የእርሱን መልክ ቀረጸች። አራት ሳንቲም ይዞ የተሰደደው ሰው መልኩ በሳንቲም ላይ ዋለ።

እንግዲህ የተማርሁት ሁለት ነገር ይህ ነው። አንደኛ፣ መጫወቻ ተብሎ የሚናቅ ነገር የትልቅ ሥራ በር ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ እርሱ መመለስ አያሳፍርም። ሁለተኛ፣ አሳብ ከአቅም ጋራ ካልተመዘነ ትልቁም ሰው ይወድቃል፤ የምትንቀሳቀስ ትንሽ መኪና ከማትንቀሳቀስ ትልቅ መኪና ትበልጣለች። ከአባቴ ጋራም በዚህ ተስማምተናል። እስከ ፈተናው ድረስ መኪናዬን የምነካው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ በወርም ከ50 ብር በላይ አላወጣባትም፤ ያጠፋሁትንም የደብተር ገንዘብ በክረምት ሠርቼ እመልሳለሁ።

አባቴ ስለ መኪናዬ አንድም የምስጋና ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ባለፈው ወር ድምፅዋ የጠፋውን የቤታችንን ሬዲዮ አምጥቶ ዝም ብሎ ከፊቴ አስቀመጣት። ከድምፅ ማጉያዋ የተነቀለች አንዲት ሽቦ ኖራለች፤ በየድኋት፤ ሬዲዮዋም ማታ የዜና ሰዓት ሳይደርስ ተናገረች። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ከአልጋው ሥር እንዲህ ያለ ሣጥን ያለው ቢኖር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዞልኝ ይምጣ፤ መጀመሪያ የሞተሩን ልሳን አብረን እናያለን።